ጊታር አልቃኝ ሲል፦ ከደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ወር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። ጊታሬን አጥብቄ ቃኘሁና ሸዋ ሮቢት ሠርግ ልንጫወት ወጣን። የጣርማ በርን ዋሻ አለፍን፣ ደብረ ሲናን ወረድን። ሮቢት ስንደርስ ሁላችንም ጃኬታችንን አውልቀናል። ጊታሩን ከሻንጣው ሳወጣው ስድስቱም ክር ወርዷል። ከክራሩ ጋር ጭራሽ አይገናኝም።

ያን ቀን የጠረጠርኩት መቃኛዎቹን ነው። ተመልሼም በአዲስ አስቀየርኳቸው። ገንዘቤ ወጣ፣ ችግሩ ግን እዚያው ቀረ። ለካ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ይወርዳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በአንድ ጠዋት 1,500 ሜትር ቁልቁል ወርደን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰው ጊታር ሲመጣልኝ መጀመሪያ እጄን እሰበስባለሁ። “ተበላሽቷል” ተብሎ የሚመጣው አብዛኛው ጊታር አልተበላሸም። የታመመው አንድ ቦታ፣ የተነካካው ሌላ ቦታ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት። ክር፣ አንገት፣ ከፍታ፣ ርዝመት፣ በመጨረሻ ፒክአፕ (የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መቀበያ)። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ እንደገና ቃኙ፣ ስሙ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካችሁ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳባሰ አታውቁም።

የሚያስፈልጋችሁ

የስልክ መቃኛ አፕ፣ በሚሊሜትር የተከፈለ የብረት ማስመሪያ፣ ካቻቪቴ፣ ለጊታሩ የሚገጥም ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ እርሳስ። ለስስ ክፍተት መካኒኮች የመኪና ቫልቭ የሚለኩበትን ስስ ብረት ተዋሱ። ካጣችሁ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሠራል፤ አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ለኤሌክትሪክ ጊታር ቴስተር እና ስታኞ ያስፈልጋል። እነዚህን ሰፈራችሁ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ታገኛላችሁ።

1. ቅኝት አልይዝ ሲል

መጀመሪያ ክሩን እዩት። ዝጓል? ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተደረደረው ብረት) በሚነካው ቦታ ላይ ተበልቷል? በጣት ስትዳስሱት ይሻክራል? እንግዲያው ሌላ ነገር ከመመርመራችሁ በፊት ቀይሩት። አሮጌ ክር ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ድካም ነው።

አዲስ ክር ደግሞ ካልተለጠጠ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ይውላል። ካሰራችሁት በኋላ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አድርጉት፣ ቃኙት፣ እንደገና ሳቡት። አራት አምስት ጊዜ ስትደጋግሙት መውረዱን ያቆማል። መቃኛው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃዋል፣ ወደ ታች ተደርድሮ። ሰባት ስምንት ዙር ከተጠመጠመ ዙሮቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ክሩ ይላላል። ሦስት ዙር ለማግኘት ክሩን ከመቃኛው 5 ሴንቲሜትር ያህል አሳልፋችሁ ቁረጡ።

ቀጥሎ ነት። በአንገቱ ጫፍ፣ ክሮቹ የሚያልፉባት ስድስት ቦይ ያላት ትንሽ ነጭ ወይም ጥቁር ነገር ናት። ስትቃኙ “ጢቅ” የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ቅኝቱ በድንገት ቢዘል ክሩ ቦዩ ውስጥ ተነክሷል ማለት ነው። ክሩን አውጡና ቦዩን በእርሳስ ቀቡት። የእርሳስ ዱቄት ያንሸራትታል። አሥር ሳንቲም የማያስወጣ ጥገና ነው፤ በኔ ልምድ ግን “መቃኛው ተበላሽቷል” ከተባለው ግማሹን ያድናል።

ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ቃኙ። ካለፋችሁ በደንብ አውርዱትና እንደገና ውጡ። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር የመቃኛው ጥርስ ላይ ላልቶ ስለሚቀመጥ፣ የመጀመሪያውን ዜማ ስትመቱ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልያዘ ያን ጊዜ መቃኛዎቹን እዩ። ዳዶው ላልቶ ይሆናል። ጭንቅላቱን በጣት ስትነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ አጥብቁት። ትሬሞሎ (ድምፁን የሚያወዛውዝ እጀታ) ያለው ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያሉትን ስፕሪንጎች እዩ። ስፕሪንግ እና ክር ተፎካካሪ ናቸው። አንዱን ክር ስትቃኙ ሌሎቹ አምስቱ ይንቀሳቀሳሉ። በትዕግሥት ሦስት አራት ዙር መቃኘት ነው።

ከሁሉም የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አታስሩ። ስድስት የናይለን ክር አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ ይስባል። ቀጭን የሚባለው የብረት ክር እንኳ 70 ኪሎ አካባቢ ይስባል። ያ ጊታር ለዚህ አልተሠራም። ብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያያዙበት ክፍል) ይነቀላል፣ ሆዱ ይነፋል። ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ ጉዳት የለም፤ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ብቻ በጠየቁ ይቀር ነበር። ምልክቱ ቀላል ነው። ሰፊ አንገት፣ ክሩ ብሪጁ ላይ የሚታሰር ከሆነ የናይለን ነው።

2. አንገቱን ማየት

አንገት ፍጹም ቀጥ ማለት የለበትም። ወደ ክሩ በኩል ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጎንበስ ማለት አለበት። ክር ሲመታ መሃሉ ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚወዛወዝ ቦታ ይፈልጋል።

እንዲህ ለኩ። ጊታሩ ተቃኝቶ ይሁን። ወፍራሙን ኢ ክር አንደኛው ፍሬት ላይ በካፖ (አንገት ላይ በሚገባ የክር መጫኛ) ያዙ። ካፖ ከሌለ በግራ ጣት ይያዝ። በሌላ እጅ የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑ። አሁን ክሩ ራሱ ማስመሪያ ሆነ። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩ እና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ሁለት ወረቀት ገብቶ አራት ካልገባ ደህና ናችሁ።

ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) አጥብቁ፣ በሰዓት አቅጣጫ። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ አላሉት። ጫፉ ወይ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ክዳን ሥር ነው፣ ወይ በአኮስቲክ ቀዳዳ በኩል ይታያል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ። አዙሩ፣ ቃኙ፣ ለኩ። ከዚያ ጊታሩን ለነገ አሳድሩት፤ እንጨት ውሳኔውን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ቁልፉ አልዞር ካለ አታስገድዱ። የተሰበረ ትረስ ሮድ ከጊታሩ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ብዙ የናይለን ጊታሮች ትረስ ሮድ ጭራሽ የላቸውም፣ ስለዚህ አትፈልጉ።

ትረስ ሮድ የክር ከፍታ ማስተካከያ አይደለም። ከፍታ ለመቀነስ ብሎ ያጠበቀ ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ይለጥጠዋል፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ሁሉ ዝዝ ይላሉ።

3. የክር ከፍታ

አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ሳትጫኑ፣ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ክሩ ሥር ለኩ። ለኤሌክትሪክ ወፍራሙ ክር ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ ወደ 1.5። ለአኮስቲክ ወፍራሙ 2.5 አካባቢ፣ ቀጭኑ 2። ለናይለን 4 እና 3። እነዚህ መነሻ ናቸው። እጁ ከባድ የሆነ፣ የወሎንም የመንዝንም ምት አጥብቆ የሚመታ ሰው ከዚህ ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ኤሌክትሪክ ላይ ሥራው የብሪጁን ትንንሽ ብሎኖች ማዞር ነው። አኮስቲክ ላይ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ቀጭን ነገር) ማውጣትና ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ያስፈልጋል። ስሌቱን ልብ በሉ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ግማሽ ሚሊሜትር ለማውረድ ከሳድሉ አንድ ሚሊሜትር ይፋቃል። ወረቀቱን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግታችሁ ሳድሉን ቀጥ አድርጋችሁ እሹ። በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የተፋቀ አይመለስም።

ነቱንም አትርሱ። ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አንደኛው ፍሬት ላይ እዩ። ፀጉር የምታህል ክፍተት ካለች ጥሩ ነው። ሰፊ ከሆነ ጀማሪውን ጣቱን የሚያሳምመው፣ ነቱ አጠገብ የሚያዙትን ኮርዶች ሁሉ ከቅኝት የሚያወጣው እሱ ነው። ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ባዶው ክር ይነዝራል። ነት ማውረድ ስስ ሞረድ እና የለመደ እጅ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ባለሙያ ፈልጉ።

4. ዝዝ የሚለው ከየት ነው?

በዐቢይ ጾም በገና የሰማ ሰው ያንን የሚነዝር፣ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ያውቀዋል። የሚመጣው እንዚራ ከሚባለው የቆዳ ቁራጭ ነው። በርኩማው (የበገናው ብሪጅ) ላይ ከክሩ ሥር ይገባል፤ ክሩ እየነካ እየለቀቀ ይነዝራል። ደርዳሪው ቁራጩን ትንሽ ገፋ ወይም ሳብ በማድረግ ድምፁን ይቃኛል። የጊታር ዝዝታም ያው ነው። ክሩ ሳይፈለግ የሆነ ነገር እየነካ እየለቀቀ ነው። በገና ላይ የምንወደውን እዚህ የምንጠላው ቦታውን እኛ ስላልመረጥነው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው “የት ነው የሚነካው?” የሚል ነው። በባዶው ክር ብቻ ከሆነ ነት ነው። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ፍሬት ከሆነ አንገቱ በጣም ቀጥ ብሏል። ከአሥራ ሁለተኛው በላይ ከሆነ ክሩ በጣም ወርዷል። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለው ፍሬት ተነስቷል። ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ፍሬት የሚሸፍን አጭር ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጡበት። የሚወዛወዝ ከሆነ መሃል ያለው ከፍ ብሏል።

የትም ስትጫኑ የሚሰማ፣ ወይም አንድ ኖታ ብቻ ሲመታ የሚመጣ ዝዝታ ደግሞ ከክሩ ላይሆን ይችላል። የላላ የመቃኛ ዳዶ፣ የፒክአፕ ስፕሪንግ፣ አኮስቲክ ውስጥ የተላቀቀ ድጋፍ እንጨት ሊሆን ይችላል። ጓደኛችሁ ያንን ኖታ ይምታ፣ እናንተ በጣት አንድ በአንድ እየነካችሁ ያዙ። ድምፁ ዝም ያለበት ቦታ እሱ ነው።

5. ባዶው ተቃኝቶ ከላይ ሲሳሳት

ባዶውን ክር ቃኙ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና የመቃኛ አፑ ላይ እዩ። ያው ድምፅ ልክ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። ከፍ ካለ ሳድሉን ከአንገቱ አርቁ፣ ክሩ ይርዘም። ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አቅርቡ። ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ባዶውን እንደገና ቃኙ። ስትለኩም ስትጫወቱ የምትጫኑትን ያህል ብቻ ተጫኑ፤ አጥብቆ መጫን በራሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አኮስቲክ ላይ ሳድሉ ስለማይንቀሳቀስ መጀመሪያ አዲስ ክር ሞክሩ፣ ከፍታውንም አውርዱ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል።

አሁን ለኛ ሙዚቃ የሚሆን ፈተና። ከሲ ተነስታችሁ አንቺሆዬን ምቱ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። በአንድ ክር ላይ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ሂዱበት። ትዝታ ትንሽ ስህተት ይሸፍናል። አንቺሆዬ አይሸፍንም፤ ጠባቦቹ ርቀቶች ወዲያው ያጋልጣሉ።

አንድ ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ኢ ኮርድን በጆሮ ፍጹም አድርጋችሁ ትቃኙና ሲ ኮርድ ስትመቱ ይጎረብጣችኋል። ጊታሩ አልተበላሸም። ፍሬቶች ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ ነው የሚከፍሉት። ጆሮ የሚወደው ንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ ግን ከፍሬቱ 14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ስለዚህ በአንድ ኮርድ አትቃኙ፤ እያንዳንዱን ባዶ ክር ለብቻው ቃኙ። ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር ስትጫወቱ ደግሞ የክራሩ ክር እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል፣ ፍሬት ግን ተቸንክሯል። ቀድማችሁ ጊታሩን ቃኙና ባለ ክራሩ ከናንተ ይቀበል። በጨዋነት ከጠየቃችሁት እሺ ይላል።

6. ፒክአፕ

ፒክአፕ ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን በሺዎች ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት። ከላዩ የብረት ክር ሲወዛወዝ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ናይለን ክር በዚህ ፒክአፕ የማይሰማው ለዚህ ነው።

ድምፅ ጭራሽ ከጠፋ ጊታሩን ከመፍታታችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ። ከዚያ ሌላ ጊታር በዚያው አምፕሊፋየር ሞክሩ። ጥፋቱ ጊታሩ ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ ፒክአፑን በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩ። “ጠቅ” ካለ ፒክአፑ ሕያው ነው።

ካላለ በቴስተር ለኩ። ገመዱን ጊታሩ ላይ ሰኩ፣ የድምፅ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ በሌላው ጫፍ ጫፉን እና ግንዱን ንኩ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅሉ) ከ7 ኪሎ ኦም በላይ ያሳያል። ወደ ዜሮ ከሆነ የሆነ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል። 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም ካነበበ የምታዩት የድምፅ ቁልፉን ብቻ ነው፤ ፒክአፑ ተቋርጧል ወይም ሽቦው ተነቅሏል። የተነቀለ ሽቦ በሁለት ደቂቃ በስታኞ ይበየዳል። ውስጡ የተበጠሰ ግን እንደገና መጠምጠም ወይም መቀየር አለበት።

ገመዱን ሲነቀንቁት የሚቆራረጥ ከሆነ ጃኩ ነው። ዳዶውን አጥብቁ፣ የውስጡን ምላስ ትንሽ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጉ። ቁልፉ ሲዞር የሚንጫጫ ከሆነ የደብረ ብርሃን የበጋ አቧራ ገብቶበታል። ኮንታክት ክሊነር ጠብ አድርጉና ሠላሳ ጊዜ ያህል አዙሩት። የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት እንዳታደርጉ፤ አቧራውን ይሰበስበዋል።

“እምምም” የሚለው ድምፅ የመብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ይህን መስማቱ ተፈጥሮው ነው። የጊብሰን መሐንዲስ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሃምበከርን የሠራው ለዚሁ ነበር፤ ሁለት ጥቅል ተቃራኒ ሆነው ጩኸቱን ይሰርዙታል። ጊታሩን ይዛችሁ ዞር ስትሉ ጩኸቱ ከቀነሰ ምንጩ አጠገባችሁ ያለ ኒዮን መብራት ወይም ቻርጀር ነው፤ ራቁ። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ ጋብ ካለ የመሬት ሽቦው በሥርዓት አለ። ስትነኩ ምንም ካልተለወጠ ወደ ብሪጁ የሚሄደው ሽቦ ሳይነቀል አይቀርም።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ጩኸቱን ለማጥፋት ብለው የአምፕሊፋየሩን ፕላግ ሦስተኛ እግር የሚሰብሩ አሉ። ሰው ይገድላል። ማይክ ስትነኩ ከንፈራችሁን፣ ክር ስትነኩ ጣታችሁን ከነዘራችሁ ወዲያው አቁሙና ከሶኬት ንቀሉ። በጄኔሬተር በሚሠራ ድንኳን ውስጥ፣ እግር እርጥብ መሬት ላይ ሆኖ፣ ይህ ዋዛ አይደለም። የመሬት ሽቦው እስኪስተካከል ድረስ ሙሽራውም ዘመዱም ይጠብቅ።

የፒክአፕ ከፍታም ድምፅ ይለውጣል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑና ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ ለኩ። ለሃምበከር 2 ሚሊሜትር፣ ለባለ አንድ ጥቅል በወፍራሙ በኩል 3፣ በቀጭኑ 2 ብላችሁ ጀምሩ። በጣም ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ከላይ ፍሬቶች ላይ ጭራሽ የማይቃኝ ይመስላል። አንዳንዱ በሳድል ሲታገል የሚውለው በዚህ ነው።

ከሳድሉ ሥር ፒክአፕ ያለው አኮስቲክ ላይ ድምፁ ከደከመ ወይም ከተሰነጠቀ መጀመሪያ ባለ 9 ቮልት ባትሪውን ቀይሩ። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል፤ ስትጨርሱ ንቀሉ። አንድ ክር ብቻ ካነሰ የሳድሉ ሥር ቀጥ አላለም ወይም ቆሻሻ ገብቶበታል። ሳድሉን የፋቁ ሰዎች ላይ ይህ ይበዛል።

7. ብርድ፣ ክረምት፣ መንገድ

ሙቀት ክሩን በደቂቃ ይለውጠዋል። እርጥበት ደግሞ እንጨቱን በቀናት። በሐምሌና ነሐሴ የአኮስቲክ ሆድ ያብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል። በጥርና የካቲት ይደርቃል፣ ሆዱ ይሰምጣል፣ የፍሬት ጫፎች እጅ ይቧጭራሉ፣ ክሩ ዝዝ ይላል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ አንገቱን ለኩ። በደረቁ ወራት ሻንጣው ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ የሳሙና መያዣ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እንጨቱን ብቻ እንዳይነካ። ከምድጃ እና ከከሰል አጠገብ፣ ከመኪና ጣሪያ ላይም ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፤ ሙጫው ይለቃል።

ወደ ቆላ ስትወርዱ ሻንጣውን በመንዝ ባና ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ስትደርሱ ወዲያው አትክፈቱት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ቃኙ። እኔ ሻንጣዬ ክዳን ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ቀኑ፣ የአንገቱ ክፍተት፣ የሁለቱ ኢ ክሮች ከፍታ፣ ትረስ ሮዱን ለመጨረሻ ጊዜ ስንት ዙር እንዳዞርኩ ተጽፎበታል። ጊታሩ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።